የመንግሥት ቢሮ፣ ባንክ፣ ኤንጂኦ ወይስ የባለሀብት ድርጅት? ከመፈረማችሁ በፊት የለቀቀ ሰው ፈልጉ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቦታ ተፈትና ሁለቱንም አለፈች። አንደኛው የግል ባንክ ነው። ሌላው የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ፣ አባትና ሁለት ወንዶች ልጆቹ የሚመሩት ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ነው። ፒኤልሲው በወር አራት ሺህ ብር ይበልጣል። ባንኩ ደግሞ ስም አለው፤ እናቷ ለጎረቤት ስትነግረው ያምርላታል። «ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ?» ብላ ደወለችልኝ። እኔም «ከሁለቱም ቤት የለቀቀ ሰው ስልክ ፈልጊ» አልኳት።

«እዚያው የሚሠራ ሰው አይሻልም?»

አይሻልም። እዚያው ያለ ሰው ወይ ይፈራል ወይ የራሱን ምርጫ ሲከላከል ይውላል። ሁለት ወር ያልሞላው ገና ከጠረጴዛውና ከመታወቂያው ጋር ጫጉላ ላይ ነው። ትናንት የለቀቀው ንዴቱ አልበረደለትም። የምትፈልጉት ከለቀቀ አንድ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ሌላ ቦታ ደመወዝ የሚበላ፣ ማክያቶውን እየጠጣ ሳይቸኩል የሚያወራ ሰው ነው። እሱንም «ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ያው እንደማንኛውም ነው» ይላችኋል። «ክሊራንስህ (ስትለቅ ዕዳ የለበትም ብሎ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምልህ ወረቀት) ስንት ቀን ፈጀ?» በሉት። ያኔ ወሬው ራሱ ይመጣል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሕጉ ለሁሉም የግል ድርጅት አንድ ነው፤ የሚለየው አለቃው ነው። የሚለቅ ሰው ነገ ሪፖርት አያዘጋጅለትም፣ ቅዳሜ ግባልኝ ቢለው አይገባለትም። ከእንግዲህ የማይጠቅመውን ሰው የሚሸኝበት መንገድ፣ የሚጠቅመውን ሰው በልቡ እንዴት እንደሚያየው ያሳብቅበታል።

እኔ በሒሳብ ሙያ አሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ቤት አይቻለሁ። ከአንዱ ስለቅ የክሊራንስ ወረቀቷን ይዤ ሃያ ሦስት ቀን ዞሬአለሁ። ንብረት ክፍል ከአራት ዓመት በፊት የተበላሸች ካልኩሌተር ጠየቀኝ። ገዝቼ ሰጠሁ። የመጨረሻዋ ፊርማ የአለቃዬ ነበረች፤ ወረቀቷን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታትና «እንተያያለን» አለኝ። ከሌላው ቤት ስለቅ የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ሄደው አስፈረሙልኝ፤ «ዕቁብህን ሳትጨርስ ግን የትም አትሄድም» ብለው አሳቁኝ። የሁለቱ ቤቶች ደመወዝ ልዩነት ስምንት መቶ ብር ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ከዚህ ልምድ የመጣ ንጽጽር ነው። ሚዛኑ እኩል አይደለም፤ ባንክና የባለሀብት ድርጅት ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ አብዛኛው ወጣት የሚወላውለው በሁለቱ መካከል ስለሆነ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት

ደመወዙን ሁሉም ያውቀዋል። ከመስከረም 2018 ጭማሪ በኋላ እንኳ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚጀምር 11,500 ብር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለሚከራይ ሰው የት እንደሚያደርስ አስሉት። ሰዓቱ ግን ሰዓት ነው፦ በሳምንት 39፤ ዓርብ ለጁምዓ ረዘም ያለ የምሳ እረፍት አለ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪሱ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ማስተርስ ለሚማር፣ ትንሽ ልጅ ላላት እናት፣ ማታ ሌላ ሥራ ላለው ሰው ይህ ሰዓት በራሱ ደመወዝ ነው።

አለቃው ደመወዛችሁን ከፍ ዝቅ ማድረግ አይችልም። በዚህ ምክንያት አለቃ ኃይል የለውም ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው። ኃይሉ ያለው የመስክ አበል ላይ፣ ሥልጠና ማን ይሂድ ሲባል፣ ውክልና ሲሰጥ፣ ዝውውር ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ቢሮ ባህል የሚታየው «ባለፈው ዓመት ለመስክ ማን ማን ወጣ?» በሚል ጥያቄ ነው። ሁልጊዜ ያው ሁለት ሰው ከሆነ ገብቷችኋል።

ሌላው ነገር የአመራር መቀያየር ነው። ላይ ያለው ሰው ሲለወጥ የአሠራሩ ስም አብሮ ይለወጣል። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ አልፏል፣ ቢኤስሲ የተባለው የውጤት መመዘኛ አልፏል፣ ካይዘን ጥግ ጥጉ ላይ ቢጫ ቴፕ አስለጥፎ አልፏል። ነባሮቹ ይህን ስላዩ አዲስ ነገር ሲመጣ «ያልፋል» ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ አዲስ ገቢ በዚህ መሀል ጉጉቱን ይዞ ብቻውን ይቀራል። «የመንግሥት ሥራ ዋስትና ነው» የሚለው የድሮ እምነትም እንደ ድሮው አይደለም፤ በ2016 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ለፈተና ሲያስቀምጥ ብዙ ነባር ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

አለቃቀቁ? ክፉ የሚሆንባችሁ ሰው ጥቂት ነው። ፋይላችሁ ሪከርድ ክፍል ጠፍቶ የምትቆዩበት ጊዜ ግን ረጅም ነው።

ባንክ

ስለ ባንክ ስትጠይቁ «እንዴት ያለ ባንክ ነው?» አትበሉ። «የትኛው ቅርንጫፍ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን ነው?» በሉ። የአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች የሁለት አገር ያህል ይራራቃሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ አንድ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን ሰው ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቶ ካዝና ሲቆጠር አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ብትገቡ የአመራሩን ነገር በሩብ ሰዓት ትረዱታላችሁ። ካሸሯ ብሩን ጠቅልላ ስትጨርስ ሁለት ሺህ ብር ጎደለ እንበል። አንዱ ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና «ቲኬቶቹን እንደገና እንይ፣ ቅድም ያ ከመርካቶ የመጣው ደንበኛ ስንት ወሰደ?» ይላል። ሌላው ከቢሮው ሳይወጣ በር ላይ ሆኖ «ሞልተሽ ውጪ» ይላል። ሁለቱም ያው መመሪያ ላይ ቆመዋል፤ ጉድለት የካሸሯ ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት እነዚያ ሁለት ሴቶች ወደ ሥራ ሲመጡ አንድ ዓይነት እግር ይዘው አይመጡም።

ሁለተኛው መለኪያ ዲፖዚት ነው። በአገራችን ባንክ የሚሠራ ሰው ቆጣቢ ደንበኛ አምጣ መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ኮታው እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ላይ ስም እየተጠራ «አንተስ ስንት አመጣህ?» የሚባልበት ቅርንጫፍ አለ፤ ሠራተኛው አጎቱን፣ የቀበሌውን ዕድር፣ የንስሐ አባቱን ሳይቀር አካውንት ያስከፍታል። ወዳጅ ዘመዱ ካለቀ በኋላ ግን ምን ይደረጋል? የለቀቀ ሰው ስታገኙ ይህችን ጠይቁ፦ ኮታ ሳይሞላ የቀረ ሰው ምን ሆነ? የደረጃ ዕድገት ብቻ ከዘገየበት ተራ ነገር ነው። ጠረፍ ላይ ወዳለ ቅርንጫፍ ከተዛወረ ሌላ ነገር ነው።

የባንክ ጥቅም ግልጽ ነው። እርከኑ የታወቀ ነው፣ የውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቦነስ አለ፣ ከሁሉ በላይ ለሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ የሚሰጥ የቤትና የመኪና ብድር አለ። ይህ ብድር ግን እግር ብረትም ይሆናል። ስትለቁ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ የሚመለስበት ወይም ቀሪውን ክፈሉ የምትባሉበት ውል የተለመደ ነው። ክፉ አለቃ ይህን ያውቃል። «ቤት የሠራ ሰው የት ይሄዳል?» ሲል በጆሮዬ የሰማሁት ሰው አለ። ስለዚህ ብድሩን ከመውሰዳችሁ በፊት አለቃችሁን ሁለት በጀት ዓመት እዩት፤ ሰኔ ሲዘጋ ያለው ጸባይ እውነተኛ ጸባዩ ነው።

ሲቀጥሯችሁ ዋስ ይጠይቃሉ፤ ሥልጠና ሰጥተው ይህን ያህል ጊዜ አገልግላለሁ የሚል ግዴታ ሊያስፈርሙም ይችላሉ። ግዴታው ላይ የተጻፈውን የገንዘብ መጠን አንብቡ። ብዙ ሰው የሚያነበው ሊለቅ ሲል ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በሩን ስለከፈተ ልምድ ያለው ባለሙያ ተፈላጊነቱ ሊጨምር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ረጅም ግዴታ መፈረም ከወትሮው ይልቅ ያስከፍላል።

የባለሀብት ድርጅት፣ ማለትም ፒኤልሲው

እዚህ ባህል ማለት የባለቤቱ ጸባይ ነው። ሌላ ባህል የለም። የእህቴን ልጅ ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ዝም ብላ እንድታይ መክሬአት ነበር። ተመልሳ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ ጸሐፊዋ የሌላ ሰው ስልክ ሲደወል ተቀምጣ ታነሣለች፤ የባለቤቱ መስመር ሲጮህ ግን ከወንበሯ ትነሣና ቆማ «አቤት ጋሼ» ትላለች። በስልክ! ሰውየው አያያትም እኮ። ይህ ፍርሃት ይሁን ፍቅር አንድ ቀን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

ሁለቱም ነው ያልኩት አውቄ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ሠራተኛ ሲታመም ባለቤቱ የግል ሆስፒታል ሂሳብ ከኪሱ ይከፍላል፤ ሠርግ ላይ በግ ይዞ ይመጣል፤ ልቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ይቀመጣል። የትኛውም ባንክ ይህን አያደርግም። በማግሥቱ ያው ሰው በሠላሳ ሰው ፊት «ደደብ» ሊል ይችላል። የዓመት ፈቃድ ስትጠይቁ ቅጽ የለም፤ «ጋሼ ደስ ባላቸው ቀን ጠይቂ» ትባላላችሁ። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ቀኖቹ ከጋሼ ስሜት ጋር የተያያዙ አይደሉም። ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በሥራ ቀን ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ለሚሠራው በአንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። «እንደ ቤተሰብ ነን» በሚባልበት ቤት ይህን ስሌት ያነሣ ሰው እንደ ባዕድ ይታያል።

አሁን የፒኤልሲው ትልቁ ወጥመድ፦ ሁለት ደመወዝ። በቃል የተነገራችሁ አንድ ነው፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ሌላ። ቀሪው «በአበል እናስተካክላለን» ይባልና በፖስታ ይመጣል። ወጣት ሰው እጁ የገባውን ብር እያየ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የጡረታ መዋጮ፣ የእናንተ 7 ከመቶና የአሠሪው 11 ከመቶ፣ የሚሰላው ውሉ ላይ ባለው ትንሿ ቁጥር ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም በእሷው ነው። የልምድ ወረቀታችሁም ላይ የምትጻፈው እሷው ናት፤ ቀጣዩ አሠሪ ያቺን አይቶ ያቀርብላችኋል። ለእህቴ ልጅ የታየው የአራት ሺህ ብር ብልጫ እንዲህ ሲሰላ ወደ ምንም ሊጠጋ ይችላል።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱ ደግሞ እንደ ሹመት ተሸልሞ ነው የሚመጣው። «የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ እናድርግሽ» ትባላላችሁ። መቅጠርና ማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ መወሰን የሚችል የሥራ መሪ በ1156 አዋጅ አይሸፈንም። የፈቃዱ፣ የትርፍ ሰዓቱና የስንብቱ ድንጋጌ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ስሙን ሰጥተው ሥልጣኑን ካልሰጡ ክርክሩ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት ሥራውን እንጂ ማዕረጉን ብቻ አያይም። ሆኖም ከሥራ ወጥቶ ይህን ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። ማዕረግ ሲሰጣችሁ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ።

የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ያለበት ቤት ደግሞ በጭራሽ አትግቡ። ከአንዱ ሰላም ስትባሉ ሌላው ያያችኋል።

ኤንጂኦ

ስለ አመራር ባህል ብቻ ከሆነ ምርጫው፣ በእኔ ግምት ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው፤ በተለይ ዓለም አቀፉ። የአገር ዳይሬክተሩ በስሙ ይጠራል። ትንኮሳን፣ ጥቅም ግጭትን፣ ቅሬታን የሚመለከት የተጻፈ ፖሊሲ አለ፤ ሰው ሲለቅም ተቀምጠው ለምን እንደለቀቀ ይጠይቁታል፣ ክሊራንሱም በቀናት ያልቃል። የምትለፉበት ነገር ወረቀት ነው፤ ታይምሺቱ (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው)፣ የግዥ ሦስት ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው)፣ ለጋሹ የሚፈልገው ሪፖርት። ለሒሳብ ሰው ይህ ትምህርት ቤት ነው።

አለቃችሁ ግን እውነተኛው አለቃችሁ አይደለም። እውነተኛው አለቃ በጀቱ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ በዩኤስኤይድ ገንዘብ በሚሠሩ ፕሮጀክቶች ላይ የነበሩ ሰዎች ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ «ሥራ አቁሙ» የሚል ኢሜይል ደርሷቸዋል። ደግና ጨዋ አለቃ የነበራቸውም ከዚህ አልዳኑም። ስለዚህ እዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ገንዘብ ነው፦ የእኔን ደመወዝ የሚከፍለው የትኛው ለጋሽ ነው? ፕሮጀክቱ መቼ ያልቃል? አንድ ለጋሽ ብቻ ነው ወይስ ሦስት? ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ስትጠይቁ ደንግጠው የሚያዩአችሁ ከሆነ መልሱ ጥሩ አይደለም ማለት ነው።

ደመወዙ በዶላር ታስቦ የሚከፈል ከሆነም ጠይቁ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር የተዋዋለና በዶላር የተዋዋለ ሰው በአንድ ቢሮ ተቀምጠው ምሳ አብረው መብላት ያፈሩበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።

ስታርትአፕ ሄጄ አልሠራሁም፤ የማውቀው ከጓደኞቼ ነው። በአጭሩ፣ ጸባዩ ፒኤልሲው ነው፣ ወንበሩ የሚሽከረከር ነው። አክሲዮን እንሰጣችኋለን ካሏችሁ በጽሑፍ ይሁን።

ቃለ መጠይቁ ላይ ማየት ያለባችሁ

እነሱ ሲፈትኗችሁ እናንተም ፈትኗቸው። ቀጠሮው 3 ሰዓት ከሆነና 5 ሰዓት ላይ ከገባችሁ፣ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ? ሦስት ጠያቂ ተቀምጦ አንዱ ብቻ ከተናገረና ሌሎቹ እሱ ሲስቅ ብቻ ከሳቁ ቤቱን አያችሁት። ሻይ ያመጣችውን ሴት ስሟን የሚያውቅ ሰው ነበር? «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው የት ሄደ?» በሉ፤ «አድጎ ወደ ላይ ወጣ» እና «አላማረውም፣ ሄደ» የሚሉት ሁለት መልሶች የሁለት ቤት ናቸው። ያው የሥራ ማስታወቂያ በሪፖርተር ጋዜጣም በቴሌግራም ቻናልም በየአራት ወሩ ሲወጣ ካያችሁ ወንበሩ ሰው አያቆይም፤ ደመወዙ ቢያጓጓም ቆም በሉ።

ሙከራ ጊዜውንም አትርሱ። በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በእነዚህ ቀናት አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ እንደሚችል ሁሉ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ። ብዙ ወጣት ይህን መብት ለአሠሪው ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል።

የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ስልክ አገኘች። ከባንኩ የለቀቀው ልጅ ቅርንጫፏንና የሥራ አስኪያጁን ስም ሲሰማ «እሱ ጋ ከሆነ እኔ እንኳ እመለሳለሁ» አላት። ከፒኤልሲው የለቀቀችው ደግሞ «ልምድ ወረቀቴን ለመውሰድ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ግን ልጄ ሳምባ ምች ሲይዛት ያሳከሙልኝ ጋሼ ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለቻት። እኔ ይህን ሰምቼ ባንኩን ያዢ አልኳት።

አልሰማችኝም። ወደ ፒኤልሲው ሄዳ «ሙሉው ደመወዝ ውሉ ላይ ይጻፍልኝና ልፈርም» አለች። ባለቤቱ ትንሽ ዝም ብለው አዩአትና ሳቁ፤ ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው «ጻፍላት» አሉት። አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ጡረታዋም በሙሉው እየተቆረጠ ነው። ባለፈው እሁድ ቤት መጥታ ስትጫወት ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። «አሁንም ቆማ ነው የምታነሣው» አለችኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔን በሞባይል ነው የሚደውሉልኝ» ብላ ቡናዋን ፉት አለች።